ስለ ተማሪ ቤት መክሰስና መጠጥ፤ ከእንግሊዝ አገር ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ተማሪ በዕረፍት ሰዓት የሚቀምሰውና የሚጠጣው ነገር ለታሪክ ምርመራ የማይበቃ ትንሽ ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ይህ ጉዳይ ፓርላማን ደጋግሞ ያከራከረ፥ ሕግ ያስወጣና ሕግ ያሻረ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በተማሪ ቤት ውስጥ ለልጁ የሚቀርብለትን የሚወስነው ምንድን ነው? የሚል ነው። የእንግሊዝን ታሪክ የምንጠቅስባቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካ ከቦዌሮች ጋር በተደረገው ጦርነት ለውትድርና ከቀረቡት ወጣቶች ብዙዎቹ በሰውነታቸው ድካም ምክንያት ሳይቀበሏቸው ቀሩ። መንግሥት በዚህ ስለ ሠጋ በ1904 አንድ ኮሚቴ የሕዝቡን የሰውነት ሁኔታ መርምሮ ሪፖርት አቀረበ፤ በ1906 በወጣው ሕግም የየአውራጃው አስተዳደር ለችግረኛ ተማሪዎች ምግብ እንዲሰጥ ተፈቀደለት። ተፈቀደለት እንጂ አልታዘዘም፤ ስለዚህ አንዱ ሲያበላ ሌላው ዝም ብሎ ተመለከተ።

ኮሪ ማን የተባሉ ሐኪም በለንደን አቅራቢያ በነበረ የወንዶች ልጆች ማሳደጊያ ያደረጉትን ምርመራ በ1926 አሳተሙ። በዓመት ውስጥ የተለመደውን ምግብ ብቻ የበሉት ልጆች ክብደታቸው በአማካይ 1.75 ኪሎ ሲጨምር፥ በየቀኑ ከግማሽ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ወተት የተጨመረላቸው ግን 3.17 ኪሎ ጨመሩ፤ በቁመትም በለጧቸው። ስኳር የተጨመረላቸው ልጆች ወተት የጠጡትን ያህል አላደጉም። እንግዲህ ልጅን ማጥገብና ልጅን ማሳደግ አንድ እንዳልሆኑ በቁጥር ታወቀ።

ከዚህ በኋላ በ1934 ተማሪዎች የፓይንት ሢሶ ወተት በግማሽ ፔኒ እንዲያገኙ ተደረገ። በ1946 ደግሞ የትምህርት ሚኒስትሯ ኤለን ዊልኪንሰን በነበሩበት ጊዜ ይኸው ወተት፥ 190 ሚሊ ሊትር ያህል ማለት ነው፥ ለተማሪ ሁሉ በነጻ ይታደል ጀመር። የሀብታምም የድኻም ልጅ አንድ ዓይነት ጠርሙስ ያዘ።

ሆኖም ገንዘብ ሲያጥር ከሁሉ በፊት የተነካው ይኸው ጠርሙስ ነው። በ1968 የሌበር መንግሥት ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ አነሣው፤ በ1971 ማርጋሬት ታቸር የትምህርት ሚኒስትር ሳሉ ከሰባት ዓመት በላይ ለሆኑት ልጆች ቀረ። በ1980 የወጣው ሕግ ደግሞ የተማሪ ቤት ምግብ ሊጠብቀው ይገባ የነበረውን የጥራት ደንብ ሻረ። ከዚህ ወዲያ በብዙ ተማሪ ቤቶች ሳንቲም ሲገባባቸው ለስላሳ መጠጥ፥ ቸኮላትና ቺፕስ የሚሰጡ መኪናዎች ተተከሉ። ተማሪ ቤቶቹም ከሽያጩ ድርሻ ያገኙ ስለ ነበር መኪናውን ማስነሣት ገቢን መቀነስ ሆነባቸው። ልጁ መረጠ ይባላል፤ ነገር ግን የመረጠው ከቀረበለት መካከል ነው።

በ2004 በእንግሊዝ አገር ለትንንሽ ልጆች በየትምህርት ቀኑ አንድ ፍሬ ወይም አትክልት በነጻ ማደል በመላው አገር ተዳረሰ። በ2005 ጄሚ ኦሊቨር የተባለው የወጥ ቤት ባለሙያ በቴሌቪዥን ያሳየው ፕሮግራም ሕዝቡን ስለ ቀሰቀሰ፥ ከ2006 ጀምሮ ለምሳ፥ ከ2007 ጀምሮም ለሱቆቹና ለመሸጫ መኪናዎቹ ደንብ ወጣ። ከረሜላ፥ ቺፕስና ስኳር ያለበት ለስላሳ ተከለከሉ፤ በምትካቸው ውሃ፥ ወተትና ፍራፍሬ እንዲቀርብ ሆነ።

ይሁን እንጂ በ2006 በራዘርሃም አጠገብ ባለችው ሮማርሽ ጥቂት እናቶች በአጥሩ በኩል ለልጆች ሃምበርገርና ቺፕስ ሲያቀብሉ ታዩ። ብዙ ሰው ሳቀባቸው፤ እኛ ግን ልንስቅ አይገባንም። ወላጅ ሳይመከርበት የወጣ ደንብ ከአጥር ውጭ ኃይል እንደሌለው አሳይተዋልና።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ ስለ ጤና ለልጁ መስበክ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። የሚወስነው በመደርደሪያው ላይ ያለው ነገር ነው፤ መደርደሪያውን የሚሞላው ደግሞ ሕግ፥ ገንዘብና የወላጅ ፈቃድ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የቀሩት ሁለቱ ሥራውን አይዘልቁትም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ይመግባል፤ ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ሕፃኑ በሳንቲሙ የሚገዛው መክሰስ ከማዕዱ ውጭ ነው። ቆሎ፥ ንፍሮና በሶ ያሳደገው አገር ልጆች በተማሪ ቤት ደጃፍ ከብስኩትና ከለስላሳ በቀር ሌላ ካላገኙ ምርጫ አላቸው ማለት አንችልም። ከመካከላችን ነገ መምህርና ዲሬክተር የሚሆኑ አሉ። የሱቁን ኪራይ ሲዋዋሉ በውሉ ላይ ምን እንደሚሸጥ፥ ምንስ እንደማይሸጥ ወላጆችን ጠርተው ይጻፉበት፤ ሱቁ ከገባ በኋላ ማስወጣቱ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከእንግሊዞች አይተናል።