ሞኖግራም፦ የቃሉ ፍችና አመጣጥ

በታሪክና በሥነ ጥበብ መጻሕፍት ውስጥ «ሞኖግራም» የሚለው ቃል ሲያጋጥም አንዳንዱ ተርጓሚ «ማኅተም»፣ ሌላው «አርማ»፣ ሦስተኛውም «ምሕጻረ ቃል» ብሎ ይመልሰዋል። ሦስቱም ከቃሉ አጠገብ ይደርሳሉ እንጂ ቃሉን አያገኙትም። ማኅተም ማተሚያውንና አሻራውን፣ አርማ የመንግሥት ወይም የድርጅት መለያን ያመለክታል። በምሕጻረ ቃል ደግሞ ፊደላቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ እንጂ አካል አይጋሩም። የሞኖግራም ዋና ጠባይ ይኸው መጋራት ነው፤ የአንዱ ፊደል ቋሚ ለሌላው እግር ይሆናል።

ቃሉ የተገኘው ሞኖስ (አንድ፣ ብቸኛ) እና ግራማ (ፊደል፣ ጽሑፍ) ከሚሉት የግሪክ ቃላት ነው። ሆኖም «አንድ ፊደል» ብሎ ቃል በቃል መመለስ ያሳስታል። ከዚሁ ዘር የወጣውን ቅጽል ሲሴሮ ስለ አማልክት ባሕርይ በጻፈው መጽሐፍ ለኤፒኩሮስ አማልክት ሰጥቶታል፤ በነጠላ መስመር ብቻ የተነደፉ፣ ሥጋ የሌላቸው ለማለት ነው።

ልማዱ ከክርስትና ይቀድማል። የአካይያ ከተሞች ኅብረት በብር ሳንቲሞቹ ላይ አልፋንና ኪን አጣምሮ ይቀርጽ ነበር። ከ312 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የቆስጠንጢኖስ ድል ጋር የሚነሣው የኪና የሮ ጥምረትም የክርስቶስን ስም ከማመልከቱ በፊት፣ ጸሐፍት በኅዳግ ላይ «ጠቃሚ» ለማለት ይጠቀሙበት ነበር።

ለቋንቋ ተመራማሪ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የሻርለማኝ (768–814 እ.ኤ.አ.) ምልክት ነው። ካሮሉስ ከሚለው የላቲን ስም አራቱ ተነባቢዎች በመስቀሉ አራት ጫፎች ይቆማሉ፤ ሦስቱ አናባቢዎች ግን ከመካከሉ ባለች አንዲት ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ ውስጥ ይነበባሉ። ምልክቱን የሚነድፈው ጸሓፊው ነበር፤ ንጉሡ ከመካከሉ ጥቂት ጭረት ይጨምርበታል። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው አይንሃርድ እንደሚነግረን፣ ንጉሡ በስተርጅና መጻፍ ቢሞክርም ብዙ አልተሳካለትም። ስለዚህ ተርጓሚው «ንጉሡ ስሙን ጻፈ» ቢል ሐሰት ይሆንበታል።

ወደ ግእዝ ፊደል ስንመለስ ነገሩ ይከብዳል። የእኅቱ የደቡብ ዐረብ ጽሕፈት አናባቢ ስለማያሳይ፣ የሳባና የሒምያር ሳንቲሞች ሞኖግራሞች ተነባቢዎችን እንደ ልብ አጣምረዋል። በእኛ ፊደል ግን አናባቢው በራሱ በተነባቢው አካል ላይ ነው። የ«በ» ግራ እግር ቢያጥር «ባ» ይሆናል፤ በቀኝ ጎኑ ቅጥያ ቢደረግለት «ቡ»። አንዱን ፊደል ከሌላው ጋር ለማጋባት ሲባል እግር የሚቆርጥ ሠዓሊ ሳያውቀው ስሙን ይለውጣል።

ስያሜውን በተመለከተ «ጥልፍ ፊደል» መልካም ይመስላል፤ ይሁን እንጂ አንባቢውን ወደ መርፌና ክር ይወስደዋል። «ውሑድ ፊደል» የሚለውን እመርጣለሁ፤ በኬሚስትሪ ውሑድ ከድብልቅ እንደሚለይ ሁሉ፣ ይህም ከምሕጻረ ቃል ይለያልና። በዚህ ስያሜ መሠረት የሻርለማኙ ሰነድ «ጸሓፊው የንጉሡን ውሑድ ፊደል ነደፈ፤ ንጉሡም ጭረቱን ጨመረበት» ተብሎ ይተረጐማል።