የትውልድ ቆጠራና የኅዳግ ጽሑፍ፤ በዲጂታል በቀረቡ ብራናዎች የቤተሰብን ታሪክ ስለ መፈለግ

በጎጃምና በበጌምድር ርስት በዘር በሚያዝበት ዘመን፣ ከዳኛ ፊት ለርስት ክርክር የሚቆም ሰው አስቀድሞ የሚጠየቀው ትውልዱን ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት አንሥቶ እስከ ራሱ ድረስ ያሉትን ሰዎች በስም እየጠራ መውረድ ይጠበቅበታል። አንድ ስም ቢዘል ወይም ቢያቀያይር ባላጋራው በዚያው ይይዘዋል። ስለዚህ የትውልድ ቆጠራ የሽማግሌዎች ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ይህ የቆጠራ ጥቅም ቀረ። በዚያን ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰባውን አልፏል። ትውልዱን ለክርክር ብሎ ያጠና የመጨረሻው ሰው በሕይወት ያለበት ጊዜ ብዙ እንደማይቆይ ግልጽ ነው።

በሌላ በኩል፣ የቤተሰቡን ታሪክ እንዲጽፍ በመምህሩ የታዘዘ ተማሪ ዛሬ አስቀድሞ የሚመለከተው ኢንተርኔትን ነው። በዚያ የሚያገኘው ምክር ከልደት መዝገብ ጀምር የሚል ነው። ምክሩ በተወለደበት አገር ትክክል ነው። በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ የታዘዘው እ.ኤ.አ. በ1538 ነበር። የአሜሪካው የዩታ የትውልድ ታሪክ ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የልዩ ልዩ አገሮችን መዝገቦች በማይክሮፊልም ሲያነሣ ቆይቶ፣ የተከማቸው 2.4 ሚሊዮን ያህል ጥቅል ፊልም ወደ ዲጂታል ተለውጦ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የኢትዮጵያ ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በዝርዝር ቢደነግግም፣ ድንጋጌው ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውል ያው ሕግ በይደር አቆይቶት ነበር። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የውጭውን መንገድ የተከተለ ተማሪ ገና ከመጀመሪያው እርምጃ ላይ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም «ለእኛ ቤተሰብ የተጻፈ ነገር የለም» ብሎ ይመለሳል።

የልደት መዝገብ አለመኖሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ ጽሑፍ የለም ማለት ስሕተት ነው። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ለረጅም ዘመን የመዝገብ ቤትን ሥራ ሲሠራ ኖሯል። የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ውርስ፣ ኑዛዜና የእርቅ ውል ሁሉ በወንጌል ወይም በሌላ የከበረ መጽሐፍ ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር። መጽሐፉ የተቀደሰ ስለሆነ በእርሱ ላይ የሰፈረውን ቃል ለመካድ ወይም ለመፋቅ የሚደፍር አይበዛም ተብሎ ይታመን ነበርና ነው። ልማዱ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1280/81 በአባ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተሰጠው አራቱ ወንጌል የስጦታውን ታሪክ በራሱ ቅጠል ይዞ እስከ ዛሬ ደርሷል።

የጎንደር ዘመን የመሬት ጽሑፎች ደግሞ ከሁሉም የበለጡ ናቸው። ሻጭ፣ ገዥ፣ ዳኛ፣ ዋስና ምስክር በየስማቸው ይዘረዘራሉ። ዶናልድ ክራሚ የተባሉት የታሪክ ሊቅ ስለ መሬትና ስለ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት መጽሐፍ በአብዛኛው የቆመው በእነዚህ ጽሑፎች ላይ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1982 በጌምድር ውስጥ ሴቶች ስለ ነበራቸው ንብረትና ስለሚያቀርቡት ክርክር የጻፉትም ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለነበር የሴቶች ስም በእነዚህ ሰነዶች መገኘቱ ሊያስደንቅ አይገባም። ትውልድ በአባት ብቻ የሚቆጠር የሚመስለው ተማሪ ከዚህ የሚማረው ነገር አለ።

እነዚህን ብራናዎች ከዕቃ ቤት ሳይወጡ ማየት የተቻለው በማይክሮፊልም ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ሲጀመር የመንበረ ፓትርያርኩና በሚኔሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የብራና ቤተ መጻሕፍት ተባብረውበታል። ከ9,000 የማያንሱ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ 5,000 በዊሊያም ማኮምበርና በፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አዘጋጅነት በአሥር ቅጽ ካታሎግ ተዘርዝረዋል። የሥራውን ክብደት ለመገመት ከካታሎጉ አንዱን ቅጽ መግለጥ ይበቃል። ዛሬ ከፊልሙ ብዙው በዚያው ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነጻ ተመዝግቦ ሊነበብ ይችላል። በፓሪሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው የአንቷን ዳባዲ ስብስብ፣ እንዲሁም ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ተወስደው በለንደን ከተቀመጡት መጻሕፍት ከፊሉ በዲጂታል ቀርቧል። የለንደኑ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የኮምፒውተር ጥቃት ደርሶበት ዲጂታል ብራናዎቹ ለብዙ ወራት ሳይታዩ ቆይተዋል። ኢንተርኔት ላይ ያለ ሁሉ ሁልጊዜ ይገኛል ብሎ የትምህርት ዕቅድ ማውጣት የማይገባው ለዚህ ነው።

ፍለጋው እንዴት ይካሄዳል? ከስም መጀመር አያዋጣም። ፎቶግራፉ ሥዕል እንጂ በኮምፒውተር የተተየበ ጽሑፍ ስላልሆነ፣ የአያትን ስም በመፈለጊያው ላይ መጻፍ በኅዳጉ ያለውን ስም አያወጣም። ካታሎጉም ዋናውን መጽሐፍ በሚገባ ሲገልጽ የኅዳጉን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ «የመሬት ሽያጭ» በሚል አጭር ቃል ያልፈዋል። በተጨማሪም ስሞች በላቲን ፊደል ከነጥብና ከሰረዝ ጋር ስለሚጻፉ ኃይሉን በሐ፣ በኀና በሀ ልዩነት መሳት ቀላል ነው። የሚያዋጣው መንገድ ከአጥቢያው መነሣት ነው። ቅድመ አያት የተቀበሩበት ደብር ከታወቀ በካታሎጉ የዚያ ደብር ወይም የአካባቢው መጻሕፍት ይፈለጋሉ፤ ከዚያም የእያንዳንዱ መጽሐፍ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጠሎች በተለይ ይታያሉ።

ወደዚህ ከመግባት በፊት ግን ከቤት የሚጠየቅ ነገር አለ። አንድ ሰው በሰፈሩ በአንድ ስም፣ በክርስትናው በሌላ፣ ጌታ ከሆነም በፈረሱ ስም ሊጠራ ይችላል። በመንደር «አባ» እየተባለ በፈረሱ ስም የሚታወሰው ሰው በብራናው ላይ ወልደ ሚካኤል ሆኖ ይገኛል፤ ሚስቱም ወለተ ማርያም ትሆናለች። የቤተሰብ ስም የሚባል ስለሌለ የክርስትና ስሙን ያላወቀ ፈላጊ የራሱን ቅድመ አያት እያየ ሊያልፍ ይችላል።

ዘመኑም ብዙ ጊዜ በቁጥር አይሰጥም። «በንጉሣችን በኢያሱ ዘመን፣ በዘመነ ሉቃስ» የሚል ዓይነት አገላለጽ ሲገኝ፣ ንጉሡ ዳግማዊ ኢያሱ ከሆኑ የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1755 ነው፤ ዘመነ ሉቃስ በዚያ መካከል ስድስት ጊዜ ያህል ይመላለሳል። ከስድስቱ አንዱን ለመለየት በምስክርነት የተጠቀሱት ሹማምንት መቼ እንደ ተሾሙ ማመሳከር ያስፈልጋል። ለክፍል ሥራ ከዚህ የተሻለ የታሪክ ሒሳብ ማግኘት ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ የተገኘው ጽሑፍ የማን እንደ ሆነ መዘንጋት የለበትም። የተጻፈው ንብረት ላለው ወይም ለንብረት ለሚከራከር ሰው ነው። አለን ሆበን የተባሉት የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በጎጃም ደጋ ዳሞት ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት እንደሚታየው፣ አንድ ሰው ከብዙ አቅኚ አባቶች መወለዱን ሊቆጥር ይችል ነበር፤ አጥብቆ የሚይዘው ግን መሬት የሚያስገኝለትን መስመር ነው። እንግዲህ የትውልድ ዝርዝር የችሎት ማስረጃ እንጂ ወገንተኝነት የሌለበት መዝገብ አይደለም። በብራናውም ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ በቦታው የአዲሱ ስም የተጻፈበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ፍቀቱ በፎቶግራፉ ላይ እንኳ ይታያል። ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ገጽ ቢያዩ ስለ ምንጭ ምርመራ ከሚሰጥ ገለጻ የበለጠ ይረዳሉ።

ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ጭሰኛው፣ በባርነት የኖረው በእነዚህ ቅጠሎች ላይ በስሙ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ መምህሩ ሥራውን ሲሰጥ ትውልድህን በክፍል ፊት ቁጠር ብሎ ማዘዙ ተገቢ አይሆንም። አንዱ ተማሪ ባለ ብራና፣ ሌላው ባዶ እጁን ሆኖ እንዲታይ ያደርጋልና። ወላጆቹን የማያውቅ ልጅም ይኖራል። ሁሉም ተማሪ ከአንድ አዛውንት ቃል ቢጀምርና ወደ ብራናው የሚሄደው መንገዱ ሲገኝ ብቻ ቢሆን ይሻላል።

የጭሰኛ ልጅ የሆኑ አንዲት አያት ለምሳሌ አባታቸው ያርሱት የነበረውን መሬት ባለቤት ስም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ታቦትና የወንዙን ስም ያስታውሱ ይሆናል። በእነዚህ ሦስት ነገሮች ተመርቶ የተፈለገ ብራና የባለ መሬቱን ውል ሊያስገኝ ይችላል። በውሉ ላይ የሚገኙት የባለ መሬቱና የምስክሮቹ ስሞች ናቸው፤ የአያቲቱ አባት ስም የለም። ያ ስም የሚገኘው ተማሪው ከአያቱ አፍ ተቀብሎ፣ የተቀዳበትን ቀንና ቦታ ጨምሮ በደብተሩ ላይ ባሰፈረው ቃል ውስጥ ብቻ ነው።