ጋምቢት፦ የቼዝ እጅ መንሻ

ዲላም ይሁን ይርጋጨፌ፣ ቼዝ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ጋምቢት ከሚባል ቃል ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ጋምቢት በጨዋታው መክፈቻ ላይ አንድ ወታደር ለባላጋራ ማቅረብ ነው፤ በምትኩ ጊዜና የማጥቂያ መንገድ ይገኛል። ቃሉን ለቼዝ የሰጠው ስፔናዊው ቄስ ሩይ ሎፔዝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1561 ባሳተመው መጽሐፉ ከጣልያንኛ ወስዶታል፤ እዚያ እግር ጠልፎ መጣልን ያመለክታል።

በአማርኛ «መስዋዕት» ማለት ይቻላል፤ ግን መስዋዕት በጨዋታው መሃልም መጨረሻም ይቀርባል። ከዚህም በላይ ጋምቢትን ባላጋራ እንቢ ሊለው ይችላል። እኔ «እጅ መንሻ» የሚለውን እመርጣለሁ። ሰጪው ውለታ ይጠብቃል፤ ተቀባዩም ይህን አይስተውም።

የጌዴኦ ቡና አምራች ስሌቱን ያውቀዋል። ያረጀ ቡናውን ሲጎነድል የሚቀጥሉትን ዓመታት ምርት እያወቀ ይተዋል፤ አዲሱ ቀንበጥ ሲያፈራ ይካሳል። ልዩነቱ ቡናው አጸፋ አለመመለሱ ነው።

በጥንቱ የኢትዮጵያ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ግን ጋምቢት ቦታ የነበረው አይመስለኝም። መክፈቻው «ወረራ» ነበር፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው በፈጠነ መጠን ያንቀሳቅሳሉ። ተራ በሌለበት ተራን በወታደር መግዛት አይቻልም።

ዝነኛ ምሳሌ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1960 በአርጀንቲና ማር ዴል ፕላታ ውድድር የ23 ዓመቱ ቦሪስ ስፓስኪ በ17 ዓመቱ ቦቢ ፊሸር ላይ የንጉሥ ጋምቢትን ተጫወተ። በዚህ መክፈቻ ሁለቱም የንጉሣቸውን ወታደር ሁለት ሁለት ቤት ከገፉ በኋላ ነጭ በቀኙ ያለውን ወታደር አጠገቡ ገፍቶ ያቀርበዋል። ፊሸር ተቀበለ፤ በ29ኛው እርምጃም ተሸነፈ። ውድድሩን ግን ሁለቱ በእኩል ነጥብ አንደኛ ሆነው ጨረሱት። ሽንፈቱ ያንገበገበው ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1961 የንጉሥ ጋምቢት አከተመለት የሚል ጽሑፍ አሳተመ። ታዲያ ጥቂት ቆይቶ ራሱ በነጭ ተጫወተበት፤ አሸነፈበትም! መክፈቻው ዛሬ በከፍተኛ ውድድሮች ብዙም አይታይም፤ በጀማሪዎች መካከል ግን አሁንም አደገኛ ነው።

እጅ መንሻ ሲቀርብላችሁ ተቀበሉ። ንጉሣችሁ መጨነቅ ከጀመረ ግን ወታደሩን ሙጥኝ አትበሉ፤ መልሳችሁ ስጡና ጠጠሮቻችሁን አውጡ።