ቀን ጨዋታ፣ ማታ ሲኒማ፦ ፕሌይስቴሽን በሉማሜ



ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሥራቅ ጎጃም ስለነበረው የመገናኛ ብዙኃን አጠቃቀም ለማጥናት ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ሉማሜ ሄጄ ነበር። አረጋውያንን ስለ ሬዲዮ ጠየቅሁ፤ ስለ ቴፕና ስለ ካሴት ጠየቅሁ፤ መልሳቸውንም በጥንቃቄ መዘገብሁ። አንዲት እናት ግን ጥያቄዬ ሲያልቅ «ልጄ፣ ያን ጌም የምትሉትን ለምን አትጠይቀኝም? እኔ ፊልም ያየሁት በሱ ነው» አሉኝ። አፈርሁ። ያፈርሁት ባለማወቄ አይደለም፤ በኛም ቤት የነበረውን ነገር ታሪክ ነው ብዬ ሳልቆጥረው በመቅረቴ ነው። የዛሬው ንግግሬ ያንን ስሕተት ለማረም የሚደረግ ሙከራ ነው።

አስቀድሜ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። የሶኒ ኩባንያ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን በጃፓን ለገበያ ያቀረበው ኅዳር 24 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። ጨዋታው በሲዲ የተጫነ ስለነበር ማሽኑ የሙዚቃ ሲዲንም ያነብ ነበር፤ እንዲያውም የመጀመሪያዎቹን ሥሪቶች የድምፅ ጥራት አፍቃሪዎች ከብዙ ዓመት በኋላ ለሙዚቃ ብቻ ሲሉ ፈልገው ይገዟቸው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1992 ዓ.ም. የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ደግሞ ዲቪዲ ማጫወት ቻለ። ዋጋው በጃፓን 39,800 የን ነበር፤ ዲቪዲ ዴክ ገና ውድ በነበረበት በዚያ ወቅት ማሽኑን ከጨዋታው ይልቅ ለፊልሙ ሲሉ የገዙት ጥቂት አልነበሩም። ምርቱ እስከቆመበት እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በውጭ አገር የተጻፈው ታሪኩ ባመዛኙ ኩባንያዎች ሳሎንን ለመያዝ ያደረጉት ፉክክር ታሪክ ነው። ሉማሜ ላይ ግን ነገሩ በሌላ በር ገባ።

ሉማሜ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከመርካቶ የተገዛ ዕቃ የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ነው የሚደርሳት። ታላቅ ወንድሜ፣ እኛ «አያ» የምንለው፣ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 2 በዚሁ መንገድ አስመጥቶ በአንዲት ጠባብ ክፍል የጨዋታ ቤት ከፈተ። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፤ በቃ። ልጆች በግጥሚያ እየከፈሉ ኳስ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ ይነሣል። ማሽኑ ሳሎን የገባው ከዚያ በኋላ፣ ከሥራ መልስ ነው። አያ ማታ ማታ ሌባ ፈርቶ በጋቢ ጠቅልሎ ቤት ያመጣዋል። ቢጫውን ገመድ ከቴሌቪዥኑ፣ ነጩንና ቀዩን ከአሮጌው ቴፕ አምፕሊፋየር ይሰካቸዋል። ቀን ገንዘብ ሲሠራ የዋለው ዕቃ ማታ የቤተሰብ ይሆናል።

ዴቪድ ኤጀርተን የተባለው የታሪክ ሊቅ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የቴክኖሎጂ ታሪክ ከፈጠራው ቀን ይልቅ ከአገልግሎቱ ቢጀምር ይሻላል ብሎ ይሞግታል። እኔም ይህን መጽሐፍ ለዓመታት ሳስተምረው ኖሬ፣ የቤታችንን ጋቢ ረስቼው ነበር።

እናቴ የጨዋታ ቤቱን አትወደውም ነበር፤ ልጆች ከትምህርት የሚቀሩበት ነው ትል ነበር። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባም የመጀመሪያውን የሲኒማ ማሳያ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደጠራው ታውቃላችሁ። ነገር ግን ያው ዕቃ ማታ ሲመጣ ቡና የምታፈላለት እሷው ነበረች። የጎረቤት ሴቶች ይመጣሉ፤ የሕንድ ፊልም ይታያል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ የለም፤ ግን የማያለቅስም የለም።

አሁን የጥናቴ ዋና ነጥብ ወደሆነው ነገር ልምጣ። ማሽኑ ሁሉን አጫዋች መስሎ ቢመጣም ሁሉን አያጫውትም ነበር። በዚያ ዘመን የአማርኛ ፊልም ለቤት የሚሸጠው በብዛት በቪሲዲ ነበር። ቪሲዲ ደንቡ በ1985 ዓ.ም. የወጣ፣ ርካሽ በሆኑ የቻይና ዴኮች አማካይነት በእስያና በአፍሪካ የተስፋፋ ቴክኖሎጂ ነው፤ አንዱ ዲስክ ከ74 ደቂቃ ያህል ስለማያልፍ አንድ ፊልም ሁለት ዲስክ ይፈልጋል። ፕሌይስቴሽን 2 ደግሞ ዲቪዲን እንጂ ቪሲዲን አያውቅም። ስለዚህ አያ በገንዘቡ የገዛውን ሕጋዊ የአማርኛ ፊልም ሲያስገባ ማሽኑ ዲስኩን አላውቀውም ይላል። ከአሜሪካ የአጎቴ ልጅ የላከችልን ኦሪጂናል ዲቪዲም ዕጣው ያው ሆነ። የዲቪዲ ኢንዱስትሪ ዓለምን በክልል ቁጥር ከፋፍሏታል፤ አሜሪካ 1፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ 2፣ ኢትዮጵያ 5። የኛ ማሽን ለክልል 2 የተሠራ ነበር፤ ስለዚህ ለገዛ ክልላችን የተዘጋጀ ኦሪጂናል ዲስክ እንኳ ቢገኝ አይከፍትም።

ይከፍት የነበረው የተባዛው ዲስክ ነው። ደብረ ማርቆስ የሚገኝ አባዢ ሁለቱን ቪሲዲ ወስዶ አንድ ዲቪዲ አድርጎ ይመልሳል፤ እሱ ላይ የክልል ቁጥር የለም። ስለ ቅጂ ስናወራ የለመድነው ሌብነትን ብቻ ነው፤ ሌብነቱም እውነት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ምክንያት አልታወጀም፤ ፊልም ሠሪዎቻችን ሥራቸው በየጥጋጥጉ ሲባዛ ከስረዋል፤ አያም ለአባዢው የከፈለው ገንዘብ ለፊልሙ ባለቤት አልደረሰም። ይህን አላስተባብልም። ነገር ግን አባዢው አስተርጓሚም ነበር እላለሁ። በአንድ ቋንቋ የተጻፈን ዲስክ ሌላ ቋንቋ ለሚናገር ማሽን ይተረጉምልን ነበር። በጃፓን የተሠራው ማሽንና በአዲስ አበባ የተሠራው ፊልም ሉማሜ ላይ የተገናኙት በዚህ ሰው እጅ ነው። የጠራ ሕግና የጠራ ወንጀል ብቻ የሚፈልግ የታሪክ ጸሐፊ ይህን ሰው አያየውም።

የሙዚቃው ነገር አጭር ነው። የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» በ2004 ዓ.ም. ሲወጣ ሲዲውን የሰማነው በዚያው ማሽን ነበር፤ የካሴቱ ቴፕ አምፕሊፋየር ከመሆን በቀር ሥራ አልነበረውም። ብዙም ሳይቆይ ግን ሙዚቃው ቆመ። ፕሌይስቴሽን 2 ሲዲን በ780፣ ዲቪዲን በ650 ናኖሜትር ጨረር ነው የሚያነበው፤ አንደኛው ሲደክም ሌላው ሊቆይ ይችላል። የኛው ማሽን ሲዲ አልቀበልም አለና ዲቪዲ ብቻ ማንበብ ቀጠለ። ከዚያ ፍላሽና ሞባይል መጣ፤ የጨዋታ ቤቱም ተዘጋ። ማሽኑ ከአልጋ ሥር ገባ።

ከአልጋ ሥር ያወጣሁት እኔ ነኝ። የአያ ሰርግ በዲቪዲ ተቀርጾ ነበር። አባታችን ካረፉ በኋላ ድምፃቸው የተቀረጸበት ሌላ ነገር ቤታችን ውስጥ እንደሌለ አወቅን፤ ፎቶግራፍ አለ፣ ድምፅ የለም። ዲስኩን በቢሮዬ ኮምፒውተር ሞከርሁት፤ አላነበበውም። ከአዳዲሶቹ ዴኮች በሁለቱ ሞከርሁት፤ እንደዚያው። በቤት የሚቀዳ ዲስክ መረጃው የተጻፈበት ቀለም በሙቀትና በብርሃን ይበላሻል፤ የኛው ዲስክ ደግሞ ዓመታቱን በመስኮት ሥር ነው ያሳለፈው። በመጨረሻ ያነበበው ያ አሮጌ ማሽን ነው፤ እየተንተባተበም ቢሆን።

በየወረዳው ከተማ፣ በየቁም ሣጥኑ ውስጥ እንዲህ ያሉ ዲስኮች አሉ፦ ሰርግ፣ ተዝካር፣ ምርቃት፣ የልጅ ክርስትና። በቤተ መዛግብታችን ውስጥ ለነርሱ የተለየ መደርደሪያ የለንም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ወደ እኔ ኑ፤ ነገር ግን ዲስኩን ብቻ ሳይሆን የሚያነበውንም ማሽን ጠይቁ፣ ማሽኑን ያገናኙበትን ገመድ፣ ዲስኩን ያባዛላቸውንም ሰው ጠይቁ። አቧራውን ጠርጋችሁ ከመጣላችሁ በፊት።

ማሽኑን ይዤው መጥቻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው እርሱ ነው። ከማሽኑ የሚወጣውን ምስልና ድምፅ በመቅጃ መሣሪያ ወደ ኮምፒውተር እያስገባን ነው። አባቴ ምርቃታቸውን የሚጀምሩት 38ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ዲስኩ እስካሁን 41ኛው ላይ ይቆማል፤ ሌንሱን አጽድተን በሚመጣው ሳምንት እንደገና እንሞክራለን።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።