የዓባይ መርከበኛና መንገደኛ፤ በግብጽ ወንዝ ላይ ስለ ተደረገ ጉዞ ታሪካዊ ሐተታ

የጥንት ግብጽን ሥራ በዓይኑ ለማየት የሚሻ መንገደኛ ዛሬም እንደ ቀድሞው ብዙውን ጊዜ በመርከብ ይሄዳል። ከሉክሶር እስከ አስዋን ያለው የወንዝ መንገድ ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ የእስና፣ የኤድፉና የኮም ኦምቦ ቤተ መቅደሶች በዚሁ መንገድ ዳር ስለሚገኙ መርከቡ በየወደቡ እየቆመ መንገደኛው ወርዶ ይጐበኛቸዋል። በዚህ ዐይነት ጉዞ ታሪክ ማለት በዳር የቆመው የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ ወንዙ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው የሚያደርስ መንገድ ሆኖ ይታያል። ዳሩ ግን ነገሩ ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር፣ ድንጋዩን ያጓጓዘው፣ ሠራተኛውን የመገበውና መንግሥቱን ያጸናው ወንዙ ራሱ መሆኑ ይገለጣል። ስለዚህ በዓባይ ላይ ማን፣ በምን ኀይልና ለምን ጉዳይ እንደ ተጓዘ መመርመር የአገሪቱን ታሪክ ከሥሩ መመርመር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የዓባይ ጉዞ መሠረቱ የሁለት ተቃራኒ ኀይሎች መገናኘት ነው። ውሃው ከደቡብ ወደ ሰሜን ይወርዳል፤ ነፋሱ ደግሞ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ስለዚህ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው ሸራውን አጥፎ ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ ወደ ላይ የሚወጣው ደግሞ ሸራውን ዘርግቶ በነፋስ ይገፋል። የጥንት ግብጻውያን ይህን ከመልመዳቸው የተነሣ፣ በሥዕል ጽሕፈታቸው ወደ ደቡብ መጓዝን ሸራዋ በተዘረጋ ጀልባ፣ ወደ ሰሜን መጓዝን ደግሞ ሸራ ባልተዘረጋባት ጀልባ ያመለክቱ ነበር። ከአስዋን እስከ ሜዲቴራኒያን ባሕር የተዘረጋውን ረጅምና ጠባብ ሸለቆ በአንድ ንጉሥ ሥር ለማስተዳደር የተቻለውም፣ ትእዛዙም እህሉም ወታደሩም በዚህ መንገድ ይመላለስ ስለ ነበር ነው።

በወንዙ ላይ ስለ ተሠራው ሥራ ጥንታዊ ምስክር የሚሆነው በቀይ ባሕር ዳር በዋዲ አል ጃርፍ በ2013 የተገኘው የፓፒሩስ ጽሑፍ ነው። እነዚህ ጽሑፎች እስከ ዛሬ ከተገኙት የተጻፈባቸው ፓፒሩሶች ሁሉ በዕድሜ የሚቀድሙ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም አንዱ ሜረር የተባለ የሥራ አለቃ የዕለት መዝገብ ነው። ሜረር 40 ያህል ሰዎችን እየመራ በቱራ የተፈለጠውን የኖራ ድንጋይ በጀልባ ጭኖ፣ በዚያን ጊዜ ይሠራ ወደ ነበረው ወደ ንጉሥ ኩፉ ፒራሚድ ያደርስ ነበር፤ መዝገቡም በ10 ቀን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይመላለስ እንደ ነበር ያሳያል። በዚያው ፒራሚድ አጠገብ በ1954 ከተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ የተገኘችው የንጉሡ ጀልባ ከሊባኖስ ዝግባ የተሠራች፣ 43 ሜትር ያህል የምትረዝም፣ በ1,224 ክፍል ተፈታትታ የተቀመጠች ነበረች፤ ተገጣጥማ ከቆየችም በኋላ በ2021 ወደ ታላቁ የግብጽ ሙዚየም ተዛውራለች። የንጉሡ ጀልባ ሙዚየም ገብታ ትታያለች፤ የሜረር ሰዎች የቀዘፉባቸው ጀልባዎች ግን አልቀሩም። እነዚያ ሰዎች የሚታወሱት አለቃቸው ቀኑን ቈጥሮ በመጻፉ ብቻ ነው።

ከነፋሱና ከውሃው ቀጥሎ ሦስተኛው የወንዙ ኀይል ሙላቱ ነበር። በበጋው የሚያንሰው ወንዝ በሰኔ መጨረሻ በአስዋን መሙላት ይጀምርና በነሐሴና በመስከረም ሸለቆውን ያለብሰዋል፤ ሲጎድልም ለም ደለል ትቶ ይሄዳል። ግብጻውያን ዓመቱን በሦስት ወቅት ሲከፍሉት የመጀመሪያውን የሙላት ወቅት ብለውታል። የኢትዮጵያ መስከረም አቻ የሆነው ቱት የተባለው ወር የዚሁ ወቅት መጀመሪያ ስለ ነበር፣ በእስክንድርያ በኩል የመጣው የኢትዮጵያ የዘመን አቈጣጠርም የዚህ አሳብ ወራሽ ነው። ሙላቱ ሲያንስ ረኀብ፣ ሲበዛ ጥፋት ስለሚያመጣ፣ በኤለፋንቲን ደሴት ያሉ ሰዎች በደረጃ ግድግዳ ላይ ምልክት አድርገው የውሃውን ከፍታ በክንድ ይለኩ ነበር። ሮማዊው ጸሓፊ ፕሊኒዩስ እንደሚለው 12 ክንድ ሲሆን አገሩ ይራባል፤ 14 ሲሆን ይደሰታል፤ 16 ሲሆን ይጠግባል። ግብሩም በዚሁ ልክ ይታሰብ ነበር። በአስዋን አጠገብ በሰሄል ደሴት በዓለት ላይ የተቀረጸውና በፕቶሎሚዎች ዘመን የተጻፈው ጽሑፍ፣ በጥንቱ በንጉሥ ጆሰር ጊዜ ወንዙ 7 ዓመት ሳይሞላ እንደ ቀረ ይተርካል።

ይህ ውሃ ከወዴት እንደሚመጣ ግብጻውያንም ግሪኮችም ብዙ ተከራክረውበታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ግብጽን የጐበኘው ሄሮዶቱስ እስከ ኤለፋንቲን በመርከብ እንደ ወጣ ጽፏል፤ ነገር ግን ስለ ሙላቱ ምክንያት ከሰዎች የሰማው አሳብ ሁሉ አላረካውም። ዛሬ በልኬት እንደ ተረጋገጠው፣ በአስዋን ከሚያልፈው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ በዓባይ፣ በተከዜና በባሮ በኩል ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው፤ በሙላቱ ወራት ደግሞ ድርሻው ከዚህም ይበልጣል። በጎጃምና በጎንደር የሚጥለው የክረምት ዝናም፣ ደመና በማይታይበት አገር የመኸር ተስፋ ነበር ማለት ነው።

ለሥራ ሳይሆን ለማየት ብቻ በወንዙ ላይ መጓዝ በግሪኮችና በሮማውያን ዘመን ተስፋፋ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ112 የተጻፈ አንድ የመንግሥት ደብዳቤ፣ ሉቂዮስ ሜሚዮስ የተባለ የሮማ የሸንጎ አባል ወደ ፋዩም ሲመጣ ማረፊያው እንዲሰናዳ፣ ለተቀደሱት አዞዎች የሚጥልላቸውም ምግብ እንዲዘጋጅለት ያዝዛል። የአስተናጋጅነት ሥርዐት ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል። በ47 ዓመተ ዓለም ዩልዮስ ቄሣር ከክሌዎፓትራ ጋር በዓባይ ወደ ላይ ወጣ፤ ታሪክ ጸሓፊው አፒያኖስ 400 መርከቦች እንደ ተከተሏቸው ይናገራል። ስዌቶኒዩስ ደግሞ ሠራዊቱ አልከተልም ባይል ኖሮ ቄሣር እስከ ኢትዮጵያ ይደርስ ነበር ይላል፤ በዚያን ጊዜ ጸሓፊዎች ዘንድ ኢትዮጵያ የሚለው ስም ከአስዋን በላይ ያለውን የኩሽ አገር የሚያመለክት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በ130 ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥቱ ሐድርያኖስ በወንዙ ሲጓዝ ወዳጁ አንቲኖዎስ ሰጥሞ ሞተ፤ በስሙም ከተማ ተቈረቈረ። በዚያው ጉዞ ተከታይ የነበረችው ዩልያ ባልቢላ ግጥሟን በሜምኖን ሐውልት እግር ላይ አስቀርጻለች።

የአሮጌው ሃይማኖት ፍጻሜም በወንዙ ዳር ተጻፈ። ከሚታወቁት የሂሮግሊፍ ጽሑፎች የመጨረሻው በፊላይ ደሴት በ394 የተቀረጸ ነው፤ የፊላይ የኢሲስ ቤተ መቅደስም በዩስቲንያኖስ ዘመነ መንግሥት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር ገዳማት ሲበዙ፣ የመንገደኛው ዐይነትም ተለወጠ። በአስዩጥ አውራጃ በቍስቋም ተራራ ሥር የሚገኘው የሙሐረቅ ገዳም፣ ቅድስት ድንግል ማርያም ከልጅዋ ጋር በስደት ያረፈችበት ነው ተብሎ የሚታመን በመሆኑ፣ በመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ መነኰሳት መኖሪያ ሆነ። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው ተሳላሚ በግብጽ ሲያልፍ የሚያርፍባቸው እንዲህ ያሉ ስፍራዎች ነበሩት። የቍስቋም በዓል በሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት በኅዳር 6 ቀን ይከበራል፤ በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር ያሠሩት ደብርም በዚሁ ስም ተሰይሟል። ውሃው ከኢትዮጵያ ወደ ግብጽ ሲወርድ፣ የስፍራው ስም ወደ ላይ ወጥቶ በጎንደር ተቀመጠ።

የአውሮፓ ሊቃውንት ወደ ወንዙ የመጡት ቦናፓርት በ1798 ግብጽን ከወረረ ወዲህ ነው። ሻምፖልዮን በ1822 የሂሮግሊፍን ምሥጢር ከፈታ በኋላ፣ በ1828 እና በ1829 በጀልባ ወደ ላይ ወጥቶ ጽሑፎቹን በስፍራቸው አነበበ። ባለጠጎች የሆኑት መንገደኞች ዳሐቢያ የተባለውን ባለ ሸራ ጀልባ ከነመርከበኞቹ ይከራዩ ነበር፤ ከካይሮ እስከ አስዋን ደርሶ ለመመለስም ሁለት ወይም ሦስት ወር ይፈጅ ነበር። ነፋስ ሲታጣ መርከበኞቹ ወደ ዳር ወርደው ጀልባውን በገመድ ይጐትታሉ፤ በአስዋን የዓለት መሰናክል ሲደርስም የአካባቢው ሰዎች በአለቃቸው እየታዘዙ በብዙ ገመድ ስበው ያሻግሩታል። በ1873 እና በ1874 የተጓዘችው አሚሊያ ኤድዋርድስ ይህን ሁሉ በመጽሐፍዋ ገልጻለች፤ የቅርሱንም መዘረፍ አይታ ስላዘነች በ1882 የግብጽ ቈፋሮ ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ሆነች። ከርሷ በፊት በሉክሶር የኖረችው ሉሲ ደፍ ጎርደን ግን ከሐውልቱ ይልቅ ሰውን ተመልክታ፣ በከዲቭ እስማኤል ዘመን ገበሬው በግዳጅ ሥራና በግብር ምን ያህል ይጨነቅ እንደ ነበር በደብዳቤዎችዋ ጽፋለች። አንድ ወንዝ፣ ሁለት ምስክር ማለት ይህ ነው።

ቶማስ ኩክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1869 የመጀመሪያዎቹን ጐብኚዎች በሁለት የእንፋሎት መርከቦች ወደ ላይ ወሰደ፤ በሚከተለው ዓመትም የከዲቩን የመንገደኛ መርከቦች ሥራ ተረከበ። ጉዞው ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ያህል የሚፈጅ፣ ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ፣ የሚቆምበት ስፍራና ሰዓት የተወሰነ ሆነ። የድርጅቱ መርከቦች በ1884 በካርቱም የተከበበውን ጎርደንን ለማዳን የተላከውን ጦርና ስንቅ ጭነዋል፤ ስለዚህ የጐብኚውና የወታደሩ መንገድ አንድ ነበር። በእንፋሎት ኀይል ምክንያት ነፋስን መጠበቅ ቀረ፤ ገመድ ጐታቹም ከመንገደኛው ዓይን ተሰወረ።

ከዚያ ቀጥሎ ወንዙ ራሱ ተለወጠ። በ1902 የተፈጸመው የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ በ1912 እና በ1933 ከፍ ሲደረግ፣ ፊላይ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ውስጥ ትቆይ ነበር። በ1959 ግብጽና ሱዳን የወንዙን ውሃ 55.5 እና 18.5 ቢልዮን ሜትር ኩብ አድርገው ሲከፋፈሉ፣ የውሃው ዋና ምንጭ የሆነችው ኢትዮጵያ በውሉ አልተካፈለችም። ታላቁ ግድብ በ1960 ተጀምሮ በ1970 ተፈጸመ። ዩኔስኮ ባደረገው ጥሪ የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶች ከ1964 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ተቈርጠው 65 ሜትር ያህል ከፍ ወዳለ ስፍራ ተወሰዱ፤ ፊላይም በአጠገቧ ወዳለችው ወደ አጊልኪያ ደሴት ተዛውራ በ1980 ተከፈተች። የድንጋዩ መዳን በዓለም ሁሉ ተነገረ። በዚያው ጊዜ ግን 50,000 ያህል የግብጽ ኑባውያን ወደ ኮም ኦምቦ አካባቢ፣ 50,000 ያህል የዋዲ ሐልፋ ሰዎችም በሱዳን ወደ ኻሽም ኤል ጊርባ ተዛወሩ። መንደራቸው፣ ተምራቸውና የአባቶቻቸው መቃብር ከሐይቁ ሥር ቀረ። ኻሽም ኤል ጊርባ ያለው በአትባራ ወንዝ ዳር ነው፤ አትባራም የተከዜ ውሃ የሚፈስበት በመሆኑ፣ ሰዎቹ ከዓባይ ዳር ተነሥተው ከኢትዮጵያ በሚመጣ በሌላ ውሃ ዳር ሰፈሩ። ቤተ መቅደሱን ድንጋይ በድንጋይ ቈጥሮ እንደ ነበረው መልሶ ማቆም ተችሏል፤ የመንደርን ጉርብትናና ከወንዝ ጋር የተያያዘ ልማድን ግን በዚህ አኳኋን ማንሣት አልተቻለም።

በኢትዮጵያ ምድር በ2011 ተጀምሮ በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ፣ ሄሮዶቱስ ምክንያቱን ሳያገኝ የቀረውን የውሃ ነገር እንደ ገና በመንግሥታት ሸንጎ ላይ አቀረበው። የወንዙ ጉዞ የታሪክ ትምህርት ይሆን ዘንድ፣ መንገደኛው በዳር ከሚያየው ሕንፃ ጋር ከላይ የሚመጣውን ውሃና በውሃው የሠራውን ሰው አንድ ላይ ማሰብ ይገባዋል። መርከቡ አስዋን ሲደርስ በኤለፋንቲን የሙላት መለኪያው ደረጃ እስከ ዛሬ ቆሞ ይገኛል። በግድግዳው ላይ የክንዱ ልክ ተቀርጾ ይታያል፤ ውሃው ግን ግድቡ ከተፈጸመ ጀምሮ ወደ ጥንቱ ልክ አይወጣም።