ከተማ «አንቀበልም» ሲል

«ሎስ አንጀለስ ረቂቅ ሕጉን ተቃወመች» የሚል ዜና ስናነብ ብዙዎቻችን ሕጉ ያበቃለት ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የካሊፎርኒያ ሕግ የሚወጣው ሳክራሜንቶ ላይ ነው፤ የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት እዚያ አንድም ድምፅ የለውም። ታዲያ አቋም መያዙ ምን ይፈይዳል? እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1907 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፒትስበርግ ጉዳይ ከተማ የክፍለ ግዛቱ ፍጡር ነው ሲል ፈረደ። የሰጠውን ሥልጣን መልሶ ሊወስድበት ይችላል ማለት ነው። ሎስ አንጀለስ ደግሞ ሌላም ችግር ነበረባት። በ1926 በካሊፎርኒያ የጸደቀ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አንድ ካውንቲ ከአንድ የክፍለ ግዛት ሴናተር በላይ እንዳይኖረው አደረገ። በ1960 ቆጠራ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የነበረው የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ከ40 ሴናተሮች አንዱን ብቻ ይመርጥ ነበር! ይህ የተለወጠው በ1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሰው ቁጥር እንጂ የመሬት ስፋት አይመረጥም የሚል ፍርድ ከሰጠ በኋላ፣ በ1966ቱ ምርጫ ነው።

ሥልጣን የሌለው እንግዲህ የሚቀረው አቤት ማለት ነው። አቤቱታው ግን ሥርዓት አለው። አንድ የምክር ቤት አባል የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። የምክር ቤቱ የሕግ ተንታኝ ጽሕፈት ቤት ያጠናዋል፣ ኮሚቴ ያየዋል፣ ከዚያም ምክር ቤቱ ድምፅ ይሰጥበታል። ከንቲባው ከተስማማ ጉዳዩ የከተማው ይፋዊ አቋም ሆኖ ይመዘገባል፤ ሳክራሜንቶ ያሉት የከተማው ተወካዮችም ያንን ይዘው ሕግ አውጪዎችን ያግባባሉ። ገደብም አለው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 የመንግሥት ገንዘብ በሕዝበ ውሳኔ ላይ ለምርጫ ቅስቀሳ ማዋል በሕግ በግልጽ ካልተፈቀደ አይቻልም ብሏል። ሕግ አውጪዎችን ማነጋገር ግን የተፈቀደ ነው።

ውጤቱስ? የሳን ፍራንሲስኮው ሴናተር ስኮት ዊነር በባቡርና በአውቶቡስ ጣቢያዎች አቅራቢያ ከፍ ያሉ የመኖሪያ ሕንፃዎች እንዲፈቀዱ የሚሉ ረቂቆችን ደጋግመው አቅርበዋል። ምክር ቤቱ በ2018 ኤስ ቢ 827ን ያለ አንዳች ልዩነት ተቃወመ፤ ረቂቁም በመጀመሪያው ኮሚቴ ወደቀ። በ2019 ኤስ ቢ 50 ካልተሻሻለ አንቀበልም አለ፤ ይኸኛውም በ2020 መጀመሪያ ሴኔቱ ውስጥ 21 ድምፅ አጥቶ በ18 ቀረ። በ2025 ኤስ ቢ 79 ሲመጣ ግን ምክር ቤቱ ራሱ ተከፈለ፦ 8 ለ5። ከንቲባ ካረን ባስም ተቃወሙ። ቢሆንም ረቂቁ አለፈ፤ አገረ ገዢው ጥቅምት 10 ቀን ፈረሙበት።

እኛን የሚያሳስበን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ድምፁ 8 ለ5 ሆኖ ሳለ ወደ ሳክራሜንቶ የሄደው ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «ከተማው ይቃወማል»። የአምስቱ ሐሳብ በመንገድ ቀረ። ከአምስቱ ጀርባ ያለው ሕዝብስ? በ2020 ቆጠራ ሎስ አንጀለስ 3.9 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበራት። የምክር ቤቱ አባላት ግን ከ1925ቱ ቻርተር ጀምሮ 15 ናቸው፤ ለአንዱ 260,000 ሰው ይደርሰዋል።

ከእነዚህ መካከል በፌርፋክስ ጎዳና የሚነግዱና በአካባቢው የሚከራዩ ወገኖቻችን አሉ። አንዱ አዲስ ሕንፃ መጥቶ ከሱቁ ያስወጣኛል ብሎ ይሰጋል። ሌላው ቤት ካልተሠራ ኪራዩ ከከተማ ያባርረኛል ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ በስማቸው የሚላከው አቋም ግን አንድ ነው።

ያው ምክር ቤት በ2002 ያንኑ ሠፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሲሰይም ማኅበረሰባችን ጠይቆ፣ ተከታትሎ ነው ያገኘው። ለስም የወጣን ሰዎች ለኪራያችንም መውጣት አያቅተንም። ስብሰባ በይፋ ይሁን የሚለው የብራውን ሕግ ከ1953 ጀምሮ አለ። ዛሬ የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ከ72 ሰዓት በፊት ይለጠፋል፤ ማንም ነዋሪ ቆሞ መናገር ይችላል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እውነት ነው፣ ዝንብ አይገባም፤ ግን ሌላ ሰው በዚያ አፍ ስም ይናገርበታል።