የአፍሪካ ሙሉ ነፃነት

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ (አንኮበር 1932 – አዲስ አበባ 2012 እ.ኤ.አ.)
ባለቀለም መስታወት፣ 1961 እ.ኤ.አ.
3 ክፍሎች፣ 150 ካሬ ሜትር
አፍሪካ አዳራሽ፣ አዲስ አበባ

አፈወርቅ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ልባቸው ግን ወደ ሥዕል አደላ፤ ለንደን በሚገኘው የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1954 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ የግል ዐውደ ርዕያቸውን አሳዩ። ከሥዕሎቹ ሽያጭ ባገኙት ገንዘብ ሀብት አላፈሩበትም፤ መንገድ ጀመሩበት። ሁለት ዓመት አውሮፓን ሲዞሩ በቤተ መጻሕፍቱ የተቀመጡትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎች መረመሩ፤ የባለቀለም መስታወትንም ሙያ ቀሰሙ።

ይህ ሥራ የዚያ ጉዞ ፍሬ ነው። ሦስቱ ክፍሎች የአህጉሪቱን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና የነገ ተስፋዋን ይተርካሉ። የቀኑ ብርሃን በተለወጠ ቁጥር ቀለማቱም ይለወጣሉ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው።

ሠዓሊው ሥራን ከኑሮ ነጥለው አላዩም። አዲስ አበባ የሚገኘውን ቪላ አልፋን ራሳቸው ነድፈው መኖሪያም፣ ስቱዲዮም፣ የሥዕል ማሳያም አደረጉት።